ወባ ያልሆነው ሙቀት

ሌሊቱ ጋቢ በሚያስደርብበት ይጁቤ አንዲት የ50 ዓመት እናት እኩለ ሌሊት ላይ ልብሷን ገፍፋ በላብ ተዘፍቃ ብትነሳ፣ ቤተሰቡ ቶሎ የሚጠረጥረው ምች ወይም ወባ ነው። ለምች ዳማከሴ ይታሻል። ይጁቤ ያለችበት ባሶ ሊበን ቁልቁል ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ወረዳ ስለሆነም ወባን መጠርጠር ሞኝነት አይደለም። ማረጥን ግን ማን ያነሳል?

«አረጠች» የሚለው ቃል የሚናገረው የወር አበባ መቅረቱን ነው፤ ከደረት ተነስቶ ፊት ላይ ሽው ስለሚለው ሙቀት ዝም ይላል። እንዲያውም ቤተ ክርስቲያን ለመግባት ቀን መቁጠር ለሰለቻት እናት ማረጥ እፎይታም አለው።

ሐኪም ሴት አረጠች የሚለው የወር አበባዋ 12 ወር ሙሉ ሲቀር ነው፤ ዕድሜው ብዙውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ነው። ኢስትሮጅን ሲቀንስ በአንጎል ያለው የሙቀት መቆጣጠሪያ ስስ ይሆናል፤ በትንሹ «ሞቀኝ» ብሎ የቆዳን ደም ሥሮች ይከፍታል፣ ላብ ያፈልቃል። ከደቂቃዎች በኋላ ብርድ ይከተላል። ቴርሞሜትር ግን ትኩሳት አያሳይም። ጣጣው ለብዙዎች ዓመታት ይዘልቃል።

ትውልደ ኢትዮጵያዊቷ አንትሮፖሎጂስት የውብዳር በየነ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ የሜክሲኮን የማያ እና የግሪክን ገበሬ ሴቶች አነጻጽረዋል። ግሪካውያኑ ሙቀቱን ያውቁታል፤ የማያ ሴቶች ግን አናውቀውም አሉ። በኋላ ሆርሞናቸው ሲለካ እንደሌላው ሴት ቀንሶ ተገኘ። ምግብ ይሁን ብዙ መውለድ፣ ክርክሩ አልተዘጋም። የእኛ እናቶች ዝም ማለታቸው ግን አለመሰማት ተደርጎ መቆጠር የለበትም። በ2003 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ቤት ለቤት ሲዞር በእናቶች በኩል ትኩረቱ በአብዛኛው እርግዝና፣ ወሊድና ክትባት ነበር፤ ያረጠችው ሴት ከጥያቄው ውጭ ቀረች።

ሕክምናው አለ፤ አንዱ የሆርሞን መድኃኒት ነው። በ2002 እ.ኤ.አ. አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት የሆርሞን መድኃኒት የጡት ካንሰርና የደም መርጋት አደጋ እንደሚጨምር አሳይቶ ዓለምን አስደነገጠ። ዛሬ ፍርሃቱ ረግቧል፤ ከ60 ዓመት በታች ላሉና የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት ወይም ስትሮክ ላልገጠማቸው ጥቅሙ በአብዛኛው ያመዝናል። በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሆርሞን ያልሆነው ፌዞሊኔታንት የተባለው የዚሁ ሙቀት መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ሙቀት ሁሉ ማረጥ አይደለም። ሳል ወይም ክብደት መቀነስ ያለበት የሌሊት ላብ ለሳንባ ነቀርሳ፣ የልብ ምት የሚያፋጥን እንቅርት ለታይሮይድ ይመረመር። ካረጠች በኋላ ደም ያየች እናት ደግሞ ውላ ሳታድር ሐኪም ዘንድ ትሂድ።