ተጨማሪ መረጃ፦ የክፍያው መስኮት ከፍታ

ተማሪዎች ሆይ፥ በተሽከርካሪ ወንበር የምትሄድ እናት የውኃ ሒሳቧን ልትከፍል መጥታ፥ መስኮቱ ከግንባሯ በላይ ሆኖባት፥ ገንዘቧን በሌላ ሰው እጅ ስታቀብል አይታችሁ እንደ ሆነ፥ ጥቂት ስንዝር ከፍታ የሰውን ክብር ምን ያህል እንደሚነካ ትረዳላችሁ።

በአሜሪካ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 የወጣው የተሐድሶ ሕግ 504ኛ ክፍል ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበለውን ሁሉ፥ በ1990 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች ሕግ ደግሞ የከተማ ውኃና መብራት መሥሪያ ቤቶችን ጨምሮ ማናቸውንም የአጥቢያ መንግሥት አገልግሎት፥ በአካል ጉዳት ምክንያት እንዳያዳላ ይከለክላሉ። የፊተኛው ሕግ ማስፈጸሚያ ደንብ ሳይፈረም ስለ ዘገየ፥ በ1977 አካል ጉዳተኞች ሳን ፍራንሲስኮ ካለ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ገብተው ከሦስት ሳምንት በላይ ሳይወጡ ተቀመጡ፤ ጽናታቸውም የሚደነቅ ነው።

እነዚህ ሕጎች የሚሹት «ተደራሽነት» ማለት ማንም ሰው ገብቶ፥ የተነገረውን ተረድቶ፥ ጉዳዩን ራሱ ፈጽሞ መውጣት መቻሉ ነው። ስለዚህ በዚያ አገር አዲስ በሚሠራ የክፍያ ቦታ፥ ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ የሚዘጋጀው ጠረጴዛ ከ91 ሳንቲ ሜትር አይበልጥም፤ ዓይነ ስውር ደንበኛም ሒሳቡን በብሬል ወይም ሊረዳው በሚችል በሌላ መንገድ መጠየቅ ይችላል። ለተሽከርካሪ ወንበር የሚሠራ ተዳፋት መወጣጫ ደግሞ ለ1 ሜትር ከፍታ ቢያንስ 12 ሜትር ርዝመት ይሻል።

እናንተም በሰፈራችሁ ከሚገኝ የውኃ ወይም የመብራት መክፈያ ሄዳችሁ፥ መወጣጫ ካለው ርዝመቱንና ከፍታውን በሜትር ለክታችሁ፥ ርዝመቱን ለከፍታው አካፍሉት፤ ከ12 ያነሰ ቁጥር ቢወጣ፥ መወጣጫው ከዚህ መለኪያ ይልቅ ዳገታማ ነው።