በገዛ እግሩ ወደ ኤምአርአይ የሚገባ ውሻ

ኤምአርአይ በሚል ምህጻር የሚታወቀው የሕክምና መሣሪያ በኃይለኛ ማግኔት እየታገዘ፣ ገላን ሳይከፍትና እንደ ራጅ ያለ ጨረር ሳይጠቀም፣ የሰውነትን ውስጣዊ ክፍል በምስል ያሳያል። ከዚሁ መሣሪያ የአሠራር ስልቶች አንዱ፣ ተግባራዊ ኤምአርአይ የሚባለው፣ የአንጎልን ቅርጽ ብቻ ሳይሆን ሥራውንም ይከታተላል፤ አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ኦክስጅን የተሸከመ ደም በብዛት ስለሚጎርፍለት፣ ኦክስጅን የያዘው ደምና ያልያዘው ደም ደግሞ ለማግኔት የሚሰጡት ምላሽ ስለሚለያይ፣ መሣሪያው ይህን ልዩነት እየለካ የትኛው ክፍል መቼ እንደነቃ ያመለክታል። ልኬቱ የሚሠምረው ግን ተመርማሪው ነቅቶ፣ ራሱን ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ሳያንቀሳቅስ ሲቆይ ነው። ሰው “አይንቀሳቀሱ” ሲባል ይገባዋል፤ እንስሳን ግን በማደንዘዣ ማስተኛት ወይም አስሮ መያዝ ለረጅም ጊዜ የተለመደ ነበር። በማደንዘዣ የተኛ አንጎል ስለ ስሜትና ስለ ትውስታ የሚናገረው ጥቂት ነው፤ የታሰረ እንስሳ አንጎል ደግሞ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያሳየው ፍርሃቱን ነው።

በአሜሪካ አትላንታ ከተማ በሚገኘው ኤመሪ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ተመራማሪ የሆኑት ግሪጎሪ በርንስ ለዚህ ችግር መፍትሔ መፈለግ የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። ኦሳማ ቢን ላደን በተገደለበት ዘመቻ ከወታደሮቹ ጋር ውሻ መሰለፉን ሲሰሙ፣ በሄሊኮፕተር ጩኸት መካከል ጸንቶ የሚቆም እንስሳ የኤምአርአይን ጩኸት የማይችልበት ምክንያት እንደሌለ አሰቡ። ከውሻ አሠልጣኙ ከማርክ ስፒቫክ ጋር ሆነው ካሊ የምትባለውን የራሳቸውን ውሻና ማኬንዚ የተባለች የቦርደር ኮሊ ዝርያ ውሻ ካሠለጠኑ በኋላ፣ ነቅተውና ሳይታሰሩ የተመረመሩትን የእነዚህን ሁለት ውሾች ውጤት በ2012 አሳተሙ። ከዚያ ወዲህ የአትላንታ አካባቢ ነዋሪዎች የቤት ውሾቻቸውን ለምርምሩ በፈቃደኝነት ማቅረብ ጀመሩ።

ውሻውን የሚያቀርበው ባለቤት ከሁሉ አስቀድሞ የሚሰጠው ጊዜውን ነው፤ ሥልጠናው ወራት ይፈጃልና። ለዚህ የሚመረጠው ረጋ ያለ፣ እንግዳ ሰውና እንግዳ ድምፅ የማያስበረግገው፣ ለመማርም የሚጓጓ ውሻ ነው። ትምህርቱ የሚጀምረው ከአገጭ ነው። በውሻው መንጋጋ ልክ ከስፖንጅ የተቀረጸ ማሳረፊያ ይዘጋጅለትና አገጩን በላዩ ባሳረፈ ቁጥር ቁራሽ ምግብ ይሰጠዋል፤ መጀመሪያ ለቅጽበት፣ ቀጥሎ ለጥቂት ሰከንዶች፣ እያለ ጊዜው ይረዝማል። ማሳረፊያው ቆይቶ በጠባብ ቱቦ ውስጥ ይቀመጣል፤ ቱቦውም የኤምአርአዩን ከፍታ እንዲመስል ከፍ ይደረግና ውሻው በደረጃ ወጥቶ መግባትን ይለምዳል። የመሣሪያው ድምፅ ተቀርጾ በመጀመሪያ እጅግ ዝግ ባለ መጠን ይከፈትለታል፤ ውሻው ሳይረበሽ አገጩን እንዳሳረፈ ከቆየ ድምፁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጨመራል። በኤምአርአይ የተመረመረ ሰው ሁሉ ያን የማያባራ ኳኳታ ያስታውሰዋል፤ የውሻ ጆሮ ደግሞ ከሰው ጆሮ የበለጠ ስለሚሰማ የጆሮ መከላከያ አድርጎ በጨርቅ መጠቅለልን መልመድም የሥልጠናው አካል ነው።

የዚህ ሥራ መሠረት ግን በስምምነቱ ቅጽ ላይ የሰፈረው ደንብ ነው። በርንስ ቅጹን ያዘጋጁት ሕፃናት በምርምር ሲሳተፉ ወላጆች የሚፈርሙትን ሰነድ አርአያ አድርገው ሲሆን፣ የሚፈርመውም የውሻው ባለቤት ነው። ባለቤቱ ቢፈርምም ውሻው አይገደድም፤ አይታሰርም፣ ማደንዘዣ አይሰጠውም፣ መውጣት ባሰኘው ጊዜ ተነስቶ ይወጣል። ይህ ለእንስሳው ከመራራት ያለፈ ትርጉም አለው። መውጣት እየቻለ ከቆየ ውሻ የተገኘ ምስል የፈቃደኛ አንጎል ምስል ነው፤ ስለዚህ ደንቡ የሥነ ምግባር ግዴታ የመሆኑን ያህል የመረጃው ጥራት ዋስትናም ነው ማለት ይቻላል።

በ2012ቱ ሙከራ አንድ ሰው ከቱቦው ጫፍ ሆኖ ግራ እጁን ሲያነሳ ቋሊማ እንደሚሰጥ፣ ሁለቱን እጆቹን አግድም አድርጎ ጣቶቹን ሲያገጣጥም ግን ምንም እንደማይኖር ውሾቹ አስቀድመው ተምረው ነበር። የግራው እጅ በተነሳ ጊዜ በሁለቱም ውሾች አንጎል ውስጥ ኮዴት የተባለው ክፍል ነቃ፤ ኮዴት በሰውም ዘንድ ደስ የሚያሰኝ ነገር ሲጠበቅ የሚነቃ ክፍል ነው። በ2015 በታተመ ጥናት ደግሞ ለ12 ውሾች የራሳቸው፣ የሚያውቁትና የማያውቁት ውሻ፣ እንዲሁም የሚያውቁትና የማያውቁት ሰው ጠረን ሲቀርብላቸው፣ ኮዴትን ይበልጥ የቀሰቀሰው የሚያውቁት ሰው ጠረን ሆነ፤ ያ ሰው በዚያች ሰዓት በስፍራው አልነበረም። በቀጣዩ ዓመት በ15 ውሾች ላይ በተደረገው ጥናት አንድ ዕቃ ሲታይ ምግብ፣ ሌላው ሲታይ የባለቤት ሙገሳ፣ የፀጉር ብሩሽ ሲታይ ደግሞ ምንም እንደማይከተል ውሾቹ ተማሩ። የአብዛኞቹ አንጎል ለሙገሳው ከምግቡ ያላነሰ፣ አንዳንዴም የበለጠ ምላሽ ሰጠ። ከመሣሪያው ውጭ በምግብ ሳህንና በባለቤታቸው መካከል እንዲመርጡ ሲለቀቁም ምርጫቸው አንጎላቸው ቀድሞ ካመለከተው ጋር በአመዛኙ የሚጣጣም ሆኖ ተገኘ።

በሃንጋሪ ዋና ከተማ በቡዳፔስት፣ በኤትቨሽ ሎራንድ ዩኒቨርሲቲ ውሾችን እንዲሁ ነቅተው ሳሉ በኤምአርአይ የሚመረምሩት አቲላ አንዲችና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት የማሠልጠኛ ዘዴ በተለይ የሚደነቅ ነው። ጀማሪው ውሻ የሠለጠነው ውሻ መሣሪያው ላይ ተኝቶ ሲወደስና ሲሸለም ከዳር ሆኖ ይመለከታል፤ ተራው እስኪደርሰውም ይቸኩላል። ይህ ቡድን በ2016 በ13 ውሾች ላይ ባደረገው ጥናት፣ የአንጎል የሽልማት ክፍል የሚነቃው የሙገሳ ቃል በሙገሳ የድምፅ ቃና ሲነገር መሆኑን አሳየ፤ ባዶ ቃል በጣፋጭ ቃና፣ ወይም መልካም ቃል በደረቅ ቃና ብቻውን አልበቃም። በ2022 ደግሞ 18 ውሾች “ትንሹ ልዑል” ከተባለው መጽሐፍ በስፓኒሽና በሃንጋሪኛ ሲነበብላቸው አንጎላቸው ሁለቱን ቋንቋዎች እንደሚለይ ታወቀ።

ከእነዚህ ውጤቶች ተነስቶ “ውሻ እንደ ሰው እንደሚያፈቅር ተረጋገጠ” ማለት ግን ችኮላ ነው። ኮዴት በብዙ ምክንያት የሚነቃ ክፍል ስለሆነ መንቃቱ ብቻውን የስሜቱን ስም አይነግርም፤ የተመርማሪዎቹም ቁጥር አነስተኛ ነው። ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጉድለት ግን የሚመነጨው ከዚያው መልካም ደንብ ነው። ድምፁን ያልቻለ፣ አገጩን ማሳረፍ ያልፈለገ ወይም በሩ ላይ ደርሶ የተመለሰ ውሻ ሳይመረመር ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ በመሆኑም እስካሁን በተሰበሰቡት ምስሎች ውስጥ የሚገኘው የደፋሮቹና የረጋ ጠባይ ያላቸው ውሾች አንጎል ሲሆን፣ የፈሪው ውሻ አንጎል ከእነዚህ ምስሎች መካከል የለም።