አንድ ጌታ፣ ብዙ ደጅ፦ የቤተ እምነት ጥያቄ በሐረር

ሐረር ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ጁገል ነው። ዩኔስኮ በ1998 ዓ.ም. ግንቡንና በውስጡ ያለችውን ከተማ በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ 82 መስጊዶችና 102 የአውሊያ ሥፍራዎች እንዳሉባት ጠቅሷል። ከእነዚህ መካከል ግን ፈረስ መጋላ አደባባይ ላይ የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ቆሟል። እዚያው ጁገል ውስጥ የካቶሊክ ሚሲዮን ግቢ አለ። ከግንቡ ወጥቶ ወደ አዲሱ ከተማ ለዘለቀ ሰው ደግሞ እሑድ ጠዋት የወንጌላውያን መዝሙር ይሰማል።

በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከሐረሪ ክልል 183,415 ነዋሪዎች መካከል 69 በመቶ ያህሉ ሙስሊሞች፣ 27 በመቶ ያህሉ ኦርቶዶክሳውያን፣ 3.4 በመቶው ፕሮቴስታንቶች ነበሩ። ካቶሊካውያን አንድ በመቶ እንኳ አልሞሉም። ክርስቲያኑ በቁጥር አነስተኛ ነው፤ እሱም ቢሆን በየደጁ የተከፋፈለ ነው። ስለዚህ በክርስቲያኑ ዓለም ሁሉ የሚነሳው ጥያቄ እዚህ ጎልቶ ይታያል፦ ለክርስቶስ ታማኝ የሆነ ሰው ራሱን በአንድ ቤተ እምነት ስም ማስጠራት ይችላል ወይ?

«አይችልም» የሚሉት ወገኖች ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሱት ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች የጻፈውን ወቀሳ ነው። የቆሮንቶስ ምእመናን አንዱ የጳውሎስ፣ ሌላው የአጵሎስ፣ ሌላው የኬፋ ነኝ እያሉ ተከፋፍለው ነበር። «ይችላል» የሚሉት ደግሞ ሥርዓት፣ ካህን፣ ጥምቀትና ቀኖና በሌለበት እምነት ከትውልድ ወደ ትውልድ አይተላለፍም ብለው ይመልሳሉ። ኦርቶዶክሳዊው ጥያቄውን ከነጭራሹ አይቀበለውም። ለእሱ ቤተ ክርስቲያን አንዲት ናት፤ እሱ ያለው በእርስዋ ውስጥ ነው፤ «ቤተ እምነት» የሚለው ስም የሚመለከተው ከእርስዋ የወጡትን ነው።

ስምን የመሻር ሙከራ

ቤተ እምነት የሚባለውን ነገር ጨርሶ ለመተው የተነሱ እንቅስቃሴዎች ታሪክ ትምህርት ሰጪ ነው። በአሜሪካ ባርተን ስቶንና ጓደኞቹ እ.ኤ.አ. በ1804 የራሳቸውን የፕሬስቢቴሪያን ጉባኤ አፈረሱ። ቶማስ ካምቤል እ.ኤ.አ. በ1809 ባሳተመው ጽሑፍ ክርስቲያኖች የሰው ሠራሽ መለያዎችን ጥለው በአዲስ ኪዳን ላይ ብቻ እንዲስማሙ ጠየቀ። ሁለቱ ጅረቶች ተቀላቅለው ሰፊ እንቅስቃሴ ሆኑ። መቶ ዓመት ሳይሞላ ግን በአምልኮ የሙዚቃ መሣሪያ ይፈቀድ አይፈቀድ፣ የሚሲዮን ማኅበር ይኑር አይኑር በሚል ክርክር ተከፈሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1906 የተካሄደው የአሜሪካ የሃይማኖት ቆጠራም የክርስቶስ አብያተ ክርስቲያናትን ከወንድሞቻቸው ለይቶ መዘገበ። በአየርላንድና በእንግሊዝ የተነሱት «ወንድሞች» የሚባሉትም ያለ ስምና ያለ ቄስ እንሰብሰብ ብለው ጀምረው፣ ብዙም ሳይቆዩ «ክፍት» እና «ዝግ» ተብለው ተለያዩ።

የክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ሚሲዮናውያን ኢትዮጵያም ደርሰዋል። አዲስ አበባ ውስጥ ስማቸው በይበልጥ የሚነሳው በመካኒሳ መስማት ለተሳናቸው ልጆች ባቋቋሙት ትምህርት ቤት ነው። ቤተ እምነት አይደለንም ቢሉም መንግሥትም ጎረቤትም የሚያያቸው ከብዙዎቹ እንደ አንዱ ነው።

አገር በቀሉ ክርክር

መለያየትን ከውጭ የመጣ ነገር ብቻ አድርጎ ማየት ግን ታሪክን ማጉደል ነው። በ14ኛው ክፍለ ዘመን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ቅዳሜንም እንደ እሑድ እናክብር በማለታቸው ከጳጳሱ ተለይተው፣ ለረጅም ጊዜ በየገዳሞቻቸው ተገልለው ኖሩ። እ.ኤ.አ. በ1450 ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ባስጠሩት የደብረ ምጥማቅ ጉባኤ የቅዳሜ መከበር ጸደቀ፤ እነሱም ተመለሱ። በዚያው ዘመን የነበሩት ደቂቀ እስጢፋኖስ ግን እንዲህ ያለ ዕርቅ አላገኙም፤ ለሥዕልና ለመስቀል አንሰግድም በማለታቸው ተገረፉ፣ ተሰደዱ፣ ብዙዎቹም ሞቱ።

በኋላም ቅባት፣ ጸጋና ካራ የተባሉት ወገኖች ስለ ክርስቶስ ባሕርይ ሲከራከሩ ገዳማትና መሳፍንት ተከፋፈሉ። ክርክሩ የተቋጨው በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛና ንጉሥ ምኒልክ በተገኙበት የቦሩ ሜዳ ጉባኤ ነው። ለተሸነፉት የቀረበላቸው ምርጫ መታዘዝ ወይም መቀጣት ነበር። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ካቶሊካዊነት በአዋጅ ሲጫንም፣ እ.ኤ.አ. በ1632 ሲሻርም ሰይፍ ተመዟል። የኢትዮጵያ ክርስቲያን ስለ ቤተ እምነት ሲያስብ ከትምህርት ልዩነት አስቀድሞ ይህ ትዝታ የሚመጣበት በዚህ ምክንያት ነው።

መኳንንት፣ መነኮሳትና ልጅ ተፈሪ

ሐረር ግን ሌላ መንገድ ይዛ ነበር። የካፑቺን መነኩሴው ታውሪን ካኛ እ.ኤ.አ. በ1881 ከተማዋ የገቡት ገና በግብፆች እጅ ሳለች ነው። በ1879 ዓ.ም. የጨለንቆ ጦርነት ተካሂዶ ምኒልክ ሐረርን ሲይዙ የግዛቱ አስተዳደር ለራስ መኰንን ተሰጠ። የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን በከተማዋ እምብርት የቆመውም ከዚህ በኋላ ነው። ስለዚህ ሐረር ውስጥ የካቶሊኩ ሚሲዮን ከኦርቶዶክሱ ደብር ቀድሞ ነበር ማለት ነው፤ ይህ በሰሜኑ አገር የማይታሰብ ቅደም ተከተል ነው።

ራስ መኰንን ኦርቶዶክሳዊ ነበሩ፤ ከአድዋ ድል በኋላ የቁልቢ ገብርኤልን ቤተ ክርስቲያን ያሠሩም እሳቸው ናቸው። ሆኖም ሐምሌ 16 ቀን 1884 ዓ.ም. እጀርሳ ጎሮ የተወለደውን ልጃቸውን ተፈሪን ለማስተማር የካቶሊክ ሚሲዮንን ደጅ ከማንኳኳት አልተመለሱም። በሕዝቡ ዘንድ አባ እንድርያስ የሚባሉት ፈረንሳዊው እንድሬ ዣሮሶ መምህራኑን ሲመርጡ፣ ልጁን በየቀኑ ያስተማሩት ኢትዮጵያዊው ካቶሊክ አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን ነበሩ። አባ ሳሙኤል በ1907 ዓ.ም. ተፈሪም በነበሩበት የሐሮማያ ሐይቅ የጀልባ አደጋ ሰጥመው ሞቱ። ተፈሪ ኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው ባጻፉት የሕይወት ታሪካቸው መምህራቸውን በአክብሮት አንስተዋል።

እዚህ ላይ የሃይማኖት መቀላቀል አልነበረም። ተፈሪ ኦርቶዶክሳዊ ሆነው አድገው ኦርቶዶክሳዊ ሆነው ነገሡ። አባ እንድርያስም ካቶሊካዊነታቸውን አልደበቁም፤ እ.ኤ.አ. ከ1900 ጀምሮ ጳጳስ ሆነው ለዐሥርት ዓመታት ሚሲዮኑን መሩ፣ ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ የነበረውን ሥራ ደገፉ፣ ከጣሊያን ወረራ በኋላ አገሩን እንዲለቁ ተደርገው እ.ኤ.አ. በ1941 ቱሉዝ ውስጥ ዐረፉ። ሁለቱም ወገኖች ድንበራቸውን እያወቁ ተቀራርበው ሠርተዋል።

ሕግ የከፈለው ካርታ

የወንጌላውያኑ ታሪክ ደግሞ ከመንግሥት ሕግ ጋር የተሳሰረ ነው። በ1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ድንጋጌ አገሩን «ክፍት» እና «የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን» ክልል ብሎ ለሁለት ከፈለው። ከጣሊያን ወረራ በኋላ ለእርዳታ የመጡት ሜኖናይቶች ናዝሬት ላይ ሆስፒታል ቢከፍቱም ከተማዋ ዝግ ክልል ስለነበረች እንደልብ መስበክ አይፈቀድላቸውም ነበር። በሐረርጌ ደጋ፣ በደደርና በበደኖ ግን ትምህርት ቤትና ሕክምና ከስብከት ጋር አብረው ሄዱ። በ1951 ዓ.ም. ምእመናኑ የራሳቸውን ቤተ ክርስቲያን ሲያቋቁሙ «ሜኖናይት» የሚለውን ስም ትተው «መሠረተ ክርስቶስ» አሉት።

በዚያው ዓመት ጥር ወር የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ተመሠረተች። ከዚህ ቀደም ብሎ፣ በ1936 ዓ.ም. ገደማ፣ በጣሊያን ዘመን ያለ ሚሲዮናዊ የቆዩ ወንጌላውያን አንድ የጋራ ጉባኤ ጀምረው ነበር። አንድ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን የመመሥረት ተስፋ ነበራቸው። የሚሲዮኖቹ የትምህርት ልዩነት ግን ተስፋውን በላው፤ ሉተራኑም፣ ሌላውም በየፊናው ሄደ። ያም ሆኖ በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋም፤ በ1966 ዓ.ም. የፕሬስቢቴሪያን መሠረት ያላት የቤቴል ቤተ ክርስቲያን ከሉተራኗ መካነ ኢየሱስ ጋር ተዋሐደች። አውሮፓ ውስጥ ለዘመናት ተለያይተው የኖሩ ሁለት ወገኖች ኢትዮጵያ ውስጥ አንድ አስተዳደር ይዘዋል።

የጴንጤቆስጤው መነቃቃት የመጣው ከተማሪዎች ነው። በ1950ዎቹ ከአዲስ አበባ፣ ከናዝሬትና ከአዋሳ ጋር የሐረር መምህራን ማሠልጠኛ ተማሪዎችም ስማቸው ይነሳል። ብዙዎቹ የኦርቶዶክስ ልጆች ነበሩ፤ መጀመሪያ ላይ የሚፈልጉት ጸሎትና መነቃቃት እንጂ ሌላ ቤተ ክርስቲያን መትከል አልነበረም። ግን የሚሰበሰቡበት ቤት፣ የሚያጠምቃቸው፣ የሚያጋባቸውና የሚቀብራቸው ያስፈልግ ነበር። በ1959 ዓ.ም. የሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያን ብለው ለመመዝገብ ሲያመለክቱ ተከለከሉ፤ በ1964 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ አበባ ውስጥ ብዙዎቹ በጅምላ ታሰሩ።

ደርግ ሲመጣ ግድግዳዎቹ ሳሱ። የመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን በጥር 1974 ዓ.ም. ስትዘጋ ንብረቷ ተወረሰ፣ መሪዎቿም ለዓመታት ታሰሩ። ምእመናኑ ጥቂት ጥቂት እየሆኑ በየቤቱ ተሰበሰቡ፤ አጥቢያቸው የተዘጋባቸውም ክፍት በቀሩት ዘንድ ተጠለሉ። ያን ጊዜ «የየትኛው ቤተ እምነት ነህ?» ብሎ መጠየቅ ትርፍ ነገር ነበር። ቤተ ክርስቲያኗ ስትዘጋ 5 ሺህ ያህል የነበሩት የመሠረተ ክርስቶስ አባላት በ1983 ዓ.ም. በአደባባይ ሲሰበሰቡ ከ30 ሺህ በላይ ሆነው ተገኙ። ነፃነቱ ሲመጣ ግን ስደት ያቀራረበው ሕዝብ እንደገና በየስሙ ተበተነ፤ በየከተማው አዳዲስ «ሚኒስትሪዎች» እና የግል አዳራሾች ፈሉ።

ልዩነቱ የሚታይበት ቦታ

ዛሬ ጥያቄው በሦስት ነገር ላይ ይፈተናል፦ በጥምቀት፣ በጋብቻና በቀብር።

ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና መካነ ኢየሱስ ሕፃናትን ያጠምቃሉ። መሠረተ ክርስቶስና ሙሉ ወንጌል የሚያጠምቁት አምኖ የመጣውን ነው፤ በሕፃንነቱ የተጠመቀውንም እንደገና ያጠምቃሉ። ከኦርቶዶክስ ወጥቶ የተመለሰ ሰው ደግሞ በመጽሐፈ ቄድር ሥርዓት ጸሎት ይደረግለታል። እያንዳንዱ ሥርዓት ስለ ሌላው ደጅ የሚለው ነገር አለ። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ፣ እ.ኤ.አ. በ1964፣ በሌሎች አብያተ ክርስቲያናት የተጠመቁትን ወንድሞች ብላ ተቀብላለች። ሉተራኖች እ.ኤ.አ. በ1530 በአውግስቡርግ ባቀረቡት የእምነት መግለጫ ለአንድነት ወንጌልና ምሥጢራት በቂ ናቸው፣ ሰው የሠራው ሥርዓት የግድ አንድ መሆን የለበትም ብለዋል።

በጋብቻ ጊዜ ክርክሩ ከሊቃውንት ጉባኤ ወጥቶ ሳሎን ይገባል። የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ «ጴንጤ» ስታገባ ሽማግሌው፣ የንስሐ አባቱና ፓስተሩ ሁሉ ቃል አላቸው። ቀብሩ ከዚህም ይከብዳል። በብዙ የኢትዮጵያ ከተሞች ወንጌላውያን የመቃብር ቦታ ለማግኘት ለዓመታት ተከራክረዋል። ዕድሩ ግን ብዙ ጊዜ ከቤተ እምነት ይሰፋል፤ ድንኳን ሲተክልና ንፍሮ ሲቀቅል የሟቹን ደጅ አይጠይቅም። በቁልቢ ንግሥ፣ ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19፣ ሙስሊሞችም ሳይቀሩ ስለት ይዘው ይመጣሉ፤ ወንጌላዊው ግን ስለቱን በትምህርቱ ስለማይቀበል ይቀራል። በሐረርጌ ከክርስቲያን ለክርስቲያን ያለው ርቀት አንዳንዴ ከክርስቲያን ለሙስሊም ካለው ይሰፋል።

በተቋማት ደረጃ መቀራረቡ አለ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1948 የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሲመሠረት ጀምሮ አባል ናት። በመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ውስጥ ኦርቶዶክስ፣ ካቶሊክና ወንጌላውያን አብረው ይሠራሉ። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስል በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ።

ይህ ሁሉ ሲታይ «ታማኝ ክርስቲያን በቤተ እምነት ውስጥ መኖር ይችላል ወይ?» ለሚለው ጥያቄ ታሪኩ የሚሰጠው መልስ «ይችላል» ነው። ስሙን የጣሉት ሌላ ስም አወጡ፤ መነቃቃትን ብቻ የፈለጉት ተማሪዎችም ሳይወዱ ቤተ ክርስቲያን መሠረቱ። አባ ሳሙኤልን ለራስ መኰንን ቤት ታማኝ መምህር ከመሆን ካቶሊክነታቸው አላገዳቸውም፤ ራስ መኰንንንም ቁልቢን ከማሠራት የካቶሊክ ወዳጅነታቸው አላገዳቸውም። ጉዳት ያደረሰው የስም መኖር ሳይሆን በሌላው ደጅ ያለውን ሰው ከክርስቲያን አለመቁጠር ነው፤ ደቂቀ እስጢፋኖስም፣ የ1964ቱ ወጣቶችም የተሰደዱት በዚያ ነው። የሐረር ደብሮች፣ ሚሲዮንና አጥቢያዎች ስለ ምሥጢረ ቁርባን ነገ ይስማማሉ ተብሎ አይጠበቅም። በመቃብር ቦታና በተቀላቀለ ጋብቻ ላይ ግን የከተማው አገልጋዮች አንድ ላይ ተቀምጠው መነጋገር ይችላሉ፤ ምእመናኑም ይህን ከመሪዎቻቸው ሊጠይቁ ይገባል።