ጎረምሳ የሌለበት ደን

ከሰቆጣ ወደ ተከዜ ሸለቆ ሲወረድ የደጋው ጽድና ወይራ ወደ ኋላ ይቀራል። ሙቀቱ ይበረታል፤ በዝቋላና በአበርገሌ ድንጋያማ ተዳፋቶች ላይ ቅርፊቱ እንደ ወረቀት የሚላጥ የዕጣን ዛፍ ብቅ ይላል። የደን ባለሙያው ሥራ እዚህ ቀላል ይመስላል። ከመሬት 1.3 ሜትር ከፍ ብሎ ግንዱን ይለካል፣ ይመዘግባል፣ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ቁጥሩ ግን የዛፉን ጠባይ ለማያውቅ ሰው ብዙ አይነግርም። ወይራ ዓመቱን ሙሉ ቅጠሉን ይዞ፣ እንጨቱን አጠንክሮ፣ ቀስ ብሎ ያድጋል። የዕጣን ዛፍ ቅጠል የሚይዘው በክረምት፣ ለአራት ወር ያህል ነው። የዓመቱን ስንቅ በእነዚያ ወራት ይሰበስብና በበጋ አበባውንም ዘሩንም ከዚያው ጎተራ ያወጣል። ዕጣን ሊለቀም ቅርፊቱ ምንጋፍ በሚባል መፋቂያ ደጋግሞ ሲፋቅ ቁስሉ የሚሽረውም ከዚያው ነው። ብዙ የተፋቀ ዛፍ ለዘሩ የሚተርፈው ያንሳል።

ተመራማሪዎች ሞዴል የሚሉት ይህን ሁሉ በአንድ ሒሳብ መያዝን ነው፦ በየውፍረቱ ደረጃ ዛፉ በዓመት ምን ያህል ያድጋል፣ ስንቱ ይሞታል፣ ስንት ዘር ይሰጣል? በሰሜን ኢትዮጵያ ዛፎች ላይ የተሠራው ይኸው ሒሳብ እ.ኤ.አ. በ2012 ታተመ። ሁኔታው ካልተለወጠ የዛፉ ቁጥር በ50 ዓመት ውስጥ በ90 በመቶ ይቀንሳል፣ የዕጣን ምርቱም በ15 ዓመት ውስጥ በግማሽ ይወርዳል ይላል።

መፋቁ ቢቆም እንኳ ማሽቆልቆሉ አይቆምም። ትልልቆቹን እሳትና ግንድ የሚበላ ጥንዚዛ ይጥላቸዋል፤ የሚተካቸው ደግሞ የለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ ሌላ ጥናት ዝርያው የሚበቅልባቸውን 23 ቦታዎች አይቶ ከሦስት አራተኛ በላይ በሚሆኑት ትንንሽ ዛፍ አላገኘም።

ዘር ጠፍቶ ነው እንዳይባል፣ ባለሙያው ዝናቡ ከጣለ በኋላ ሲንበረከክ በድንጋዩ ሥር ከስንዝር ያነሱ ቡቃያዎች ያገኛል። አፈሩን ገለጥ ሲያደርግ ሥሩ ከላዩ ግንድ ይልቅ ወፍሯል። በጋ ሲገባ ላዩ ይደርቃል፤ ክረምት ሲመጣ ከሥሩ እንደገና ያቆጠቁጣል። ሥሩ በቂ ስንቅ ይዞ ቡቃያውን ከፍየል አፍ በላይ እስኪያሻግር ድረስ እንዲህ እየሞተ እየተነሣ ዓመታት ይቆያል። በመካከሉ ከብት ከጋጠው ወይም እሳት ከነካው ቆጠራው እንደገና ከዜሮ ይጀምራል።

በመዝገቡ ላይ የወፍራሞቹ ዛፎች ረድፍ ይሞላል፤ የቡቃያውም እንዲሁ። ክንድ የሚያህሉት ረድፍ ባዶ ነው። ስለዚህ ባለሙያው አሁን ሥራውን የሚጀምረው ከመሬት ነው። በቡቃያው ዙሪያ እሾህ ያጥራል፣ ቁጥር የተጻፈበት ችካል ይተክላል፣ ለከርሞ ክረምት ተመልሶ ያንኑ ቡቃያ ይለካል።