ከወረታ ዳገት በፊት ኪሳችን ሲፈተሽ

ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምነግራችሁ፤ አብረውኝ የሚነዱት ከሰሙ «ገበናችንን አወጣኸው» ብለው መኮራረፋችን አይቀርም። ብስክሌተኛ ሲያልፍ ከጀርባ ኪሱ የሚያብለጨልጭ የውጭ አገር ጄል ብቅ ብሎ ካያችሁ፣ እሱ በአብዛኛው ለፎቶ ነው። ዳገት የሚያወጣው ከሥሩ በወረቀት ተጠቅልሎ የተቀበረው ነው፤ እሱ ደግሞ ከገበያና ከጓዳ የመጣ ነው።

እስቲ ጄሉን እንፍታው። አንዱ ከረጢት የሚይዘው ከ20 እስከ 25 ግራም ካርቦሃይድሬት ነው። ስድስት የሻይ ማንኪያ ስኳር ማለት ነው። የቀረው ውኃ፣ ማጣፈጫና የሚያምር ማሸጊያ ነው። ለመያዝ ይመቻል፣ ቶሎ ይዋጣል፣ ሆድ አይከብድም፤ ይህን አልክድም። ግን ለዚህ ምቾት የሚከፈለውን ዋጋ ለሚችሉት ትተን ወደራሳችን ነገር እንምጣ።

ከባሕር ዳር ደብረ ታቦር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ከሐሙሲት ወዲያ እስከ ወረታ ያለው የፎገራ ሜዳ ልብ ያሳብጣል፤ ነፋስ ካልተነሣ ፍጥነቱ ራሱ ያሰክራል። ወረታ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ በአዲስ ዘመን ወደ ጎንደር፣ ሌላው በደብረ ታቦርና በጋይንት አድርጎ ወደ ወልድያ። ይህን ሁለተኛውን ትልልቆቹ እስከ ዛሬ «ቻይና መንገድ» ይሉታል፤ ቻይናዎች ስለሠሩት ነው። ወረታ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደብረ ታቦር ደግሞ 2,700 ገደማ። በ40 ምናምን ኪሎ ሜትር ውስጥ 900 ሜትር ያህል ሽቅብ ይወጣል።

ዳገቱ ላይ አለምበርን አልፎ ከኮርቻ ወርዶ ብስክሌቱን የሚገፋ ሰው ካያችሁ፣ ጥፋቱን የሠራው እዚያ አይደለም፤ ሜዳው ላይ ነው። «ገና አልራበኝም» ብሎ ኪሱን ሳይነካ ወረታ የገባ ሰው ነው። በጡንቻና በጉበት ውስጥ የሚከማቸው ስኳር፣ ግላይኮጅን የሚባለው፣ ከ400 እስከ 500 ግራም ቢሆን ነው። ጠንክሮ ለሚነዳ ሰው ቢበዛ ሁለት ሰዓት ያህል ያቆየዋል። ካለቀ በኋላ ዳቦ ቤት ቢከፈትላችሁም የበላችሁት ወደ እግር እስኪደርስ ዳገቱ አይጠብቃችሁም። ስለዚህ በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት፣ ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ጀምሮ፣ በጥቂት በጥቂቱ። ምስጢሩ ሁሉ ይኸው ነው፤ ከዚህ በኋላ ያለው ስለ ዋጋና ስለ ሆድ ነው።

አሁን የማይነካውን ልንካ፦ በሶ።

ጎንደሬ ሁሉ ይጣላኝ፣ በሶ ዳገት ላይ የሚበላ ምግብ አይደለም። የገብስ ነገር ነው፤ ገብስ ውስጥ ውኃ ሲያገኝ የሚወፍርና የሚያጣብቅ አሰር አለ። ሆድ ውስጥ ይቆያል፣ ቀስ ብሎ ይፈጫል። ለእግረኛና ለዘማች ይህ ትልቅ በረከት ነበር። የድሮ ወታደር በሶና ቆሎውን ይዞ ስንት ተራራ አቋርጧል፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ የተሠራውን ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ሲያስጎትቱ፣ ከ1867 እስከ 1868 እ.ኤ.አ.፣ ሕዝቡ ወራት የፈጀው በዚያ ዓይነት ስንቅ ዘመን ነው። ግን ያ ሰው በእርምጃ ነው የሚሄደው፤ ልቡ ጆሮው ሥር እየደለቀ አይደለም። አንድ ጡጦ ወፍራም በሶ ጠጥቶ ዳገት የጀመረ ሰው ሆዱን ይዞ መንገድ ዳር ሲቀመጥ ስንቴ እንዳየሁ አትጠይቁኝ።

ለበሶ ሰዓቱ ሌላ ነው። ከመነሣታችሁ ሁለት ወይም ሦስት ሰዓት በፊት፣ በማር ወይም በስኳር በጥብጣችሁ ጠጡ፤ ከዚያ የተሻለ ቁርስ የለም። ከመንገድ ስትመለሱም ጨብጣችሁ ብሉት። በመካከል ግን ተዉት።

ቆሎም ያው ነው። ሜዳ ላይ እያወሩ ሲነዱ ደስ ይላል፤ ዳገት ላይ ግን አፍ ተከፍቶ እየተነፈሰ አንዲት የገብስ ፍሬ ወደ ተሳሳተው ጉሮሮ ከገባች ሳሉ አያስነዳም። ዳቦ ቆሎ ትንሽ ይሻላል፣ ቢያንስ ይሟሟል። ለውዝ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ቅባት ነው፤ ያጠግባል እንጂ ቶሎ ጉልበት አይሆንም። ግብጦስ? ምሬቱ እንዲለቅ ቀናት ውኃ ውስጥ የከረመች ግብጦ በፕሮቲን ከብዙ እህል ትበልጣለች፤ ቦታዋ ግን ብስክሌቱ ግድግዳ ተደግፎ ከቆመ በኋላ ነው፣ ከምን ጋር እንደምትበላም ታውቃላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው። ሩዝ።

በዓለም ትልልቅ ውድድሮች የቡድን መኪና ውስጥ ጄል ሞልቷል። ሆኖም የቡድኑ ሠራተኞች ጠዋት የሚጠቀልሉት ሌላ ነገር አለ፦ ለስልሶ የበሰለ፣ የጣፈጠ፣ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ ሩዝ። ፅጋቡ ግርማይ በ2016 እ.ኤ.አ. ቱር ደ ፍራንስን በመወዳደር የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆኖ የገባበት፣ በሚሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ የሚያንቀሳቅሰው ያ ዓለም ኪሱ ውስጥ ሩዝ ይዞ ነው የሚነዳው። የእኛ ዳገት የሚጀምረው ደግሞ የት ነው? የኢትዮጵያ የሩዝ እናት ከሆነችው ከፎገራ እግር ሥር። በደርግ ዘመን የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እጅ ያለበት ያ እህል ዛሬ ከጤፍ ጋር ተደባልቆ እንጀራ ሆኗል፣ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልም እዚያው ተተክሏል። ብስክሌተኛው ግን በጎኑ አልፎ ሱፐርማርኬት ይገባል።

ስለዚህ ጆሯችሁን ስጡኝ። ወረታ ከሩዝ መፈልፈያዎቹ ዘንድ ስትሄዱ ያማረውን አትግዙ፤ ሰባራውን ጠይቁ። ሰባራ ሩዝ ርካሽ ነው፣ ሲበስልም ስታርቹን ስለሚለቅ ይበልጥ ይጣበቃል፤ ለእኛ የሚፈለገው ይኸው መጣበቁ ነው። ማታ ውኃ በርከት አድርጋችሁ እስኪለሰልስ አብስሉት። ስኳር፣ ቆንጠር ጨው፣ ከወደዳችሁ የሎሚ ጭማቂ ጨምሩ። ትሪ ላይ አፍስሳችሁ በማንኪያ ጀርባ ጠፍጥፉት፣ ፈጥኖ ይቀዝቅዝ፣ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይደር። ጠዋት የመዳፍ ግማሽ እያደረጋችሁ ቁረጡና በንጹሕ ወረቀት ጠቅልሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ የአንድ ጄል ያህል ጉልበት አለው፤ አፍ ውስጥ ይሟሟል፣ ማኘክም ብዙ አይፈልግም። አንድ ነገር ብቻ፦ የበሰለ ሩዝ ሙቀት ላይ ከቆየ ሆድ ያበላሻል። በማግሥቱ የተረፈውን ለሌላ ቀን ብላችሁ አታስቀምጡ።

ድንችም አለ። የፋርጣና የጉና ዙሪያ ሰው ድንች አያጣም፤ ትናንሾቹን መርጣችሁ ቀቅላችሁ ልጣችሁ በጨው ብታሹ ጣፋጭ ለሰለቸው አፍ መድኃኒት ነው። ይህን የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2019 እ.ኤ.አ. በ12 ብስክሌተኞች ሞክረውታል፤ የተፈጨ ድንች የበሉት ጄል ከወሰዱት እኩል ነዱ፣ ውኃ ብቻ ከጠጡት ደግሞ ሁለቱም በለጡ። ሐቁን ልጨምር፦ ድንች የበሉት ሆዳቸው ይበልጥ ተነፍቶ ነበር፣ ብዙ መብላት ስለሚጠይቅ። ስለዚህ ድንቹን ከሩዙ ጋር አፈራርቁ እንጂ ብቻውን አትመኩበት።

ሙዝን ሁሉም ያውቀዋል። አሜሪካ ውስጥ የአፓላቺያን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች በ2012 እ.ኤ.አ. 14 ብስክሌተኞችን 75 ኪሎ ሜትር አስነድተው ሙዝን ከስፖርት መጠጥ ጋር ሲያነጻጽሩ በፍጥነት ልዩነት አላገኙም። ችግሩ ሌላ ነው፤ ሙዝ የጀርባ ኪስ ውስጥ ይጨፈለቃል። ጠንከር ያለውን ምረጡ፣ መጀመሪያም እሱን ጨርሱ።

ስለሚጠጣው አጭር ቃል። ለአንድ ሊትር ውኃ 15 የሻይ ማንኪያ ስኳር፣ ሩብ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ አንድ ሎሚ። ስኳሩ 60 ግራም ነው፤ የስፖርት መጠጥ የሚባለውም ከዚህ ብዙ አይርቅም። የከተማ ሱቅ ውስጥ ገብታችሁ ኮካ ከገዛችሁ ደግሞ የብርጭቆ ጠርሙሱ ተመላሽ ስለሆነ ይዛችሁት አትሄዱም፤ እዚያው ኮዳችሁ ውስጥ ገልብጡና ነቅንቃችሁ ጋዙን አስወጡ። 300 ሚሊ ሊትሩ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለው። ይህን የምጠቀመው ለመጨረሻው ዳገት ብቻ ነው፤ ቀድሞ ከተጀመረ እስከ መጨረሻው ሲያስጠጣ ይኖራል።

አሁን ማንም በይፋ የማያወራውን። ጾም። እኛ አገር ረቡዕና ዓርብ ከባድ ልምምድ የሚይዝ አሠልጣኝ ወይ ከሌላ አገር የመጣ ነው፣ ወይ ልጆቹን አያውቅም። በዐቢይ ጾም እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ልጅ ኪሱ ሙሉ ሆኖ ባዶ ሆዱን ሲነዳ «አልበላም» አይልም፤ «ጠግቤያለሁ» ይላል። ዳገቱ ላይ ነው የሚታወቀው። ስለዚህ ረጅሙ መንገድ ለእሁድ ይተዋል፤ ቅዳሴ ወጥቶ፣ እህል ቀምሶ። ከላይ የቆጠርኳቸው ሩዝ፣ ድንች፣ ሙዝና ስኳር ሁሉም የጾም መሆናቸው የእኛ ዕድል ነው። ፍልሰታ ላይ በቡሄ የሚታደለው ሙልሙልም እንዲሁ፤ ግማሹ ተቆርሶ ትንሽ ማር ከተቀባ ለብስክሌት የተጋገረ ይመስላል።

ከደብረ ታቦር ወደ ላይ፣ በጋሳይና በክምር ድንጋይ አድርጋችሁ ወደ ነፋስ መውጫ ከቀጠላችሁ ሕጉ ይለወጣል። መንገዱ 3,000 ሜትርን ይነካል፤ ጉና በጎን ቆሞ ብርዱን ይልክባችኋል። እዚያ የምግብ ፍላጎት ይጠፋል፣ ደረቁ አየር በትንፋሽ ብቻ ውኃ ይወስዳል፣ ጣት ይደነዝዛል። ማር በብርድ ይጠጥራል፣ በክር የታሰረ ጥቅል አይፈታም። ስለዚህ ደብረ ታቦር ላይ ሻይ ስትጠጡ ጥቅሎቹን ሁሉ አስቀድማችሁ አላሉ፤ ቁልቁለት ላይ በአንድ እጅ መፍታት አይሞከርም።

ለውድድር አዘጋጆችም አንድ ልመና አለኝ። የመመገቢያ ጣቢያው ላይ የታሸገ ውኃ ብቻ ደርድራችሁ ፎቶ አትነሡ። አንድ ትሪ ሩዝና አንድ ድስት ጨው ያለው ድንች አስቀምጡ፤ ከባነራችሁ ዋጋ ያነሰ ነው። እናንተ ደግሞ መንገዱ ሰላም ሆኖ እሁድ ስትወጡ፣ ራባችሁም አልራባችሁም፣ ሐሙሲት ሳትደርሱ የመጀመሪያዋን ቁራጭ ብሉ።