ተከራይ ሲለቅ ቁልፉ ቢመለስም አካውንቱ አብሮት ይሄዳል
የስማርት ቁልፍና የካሜራ ርክክብ ለአከራይም ለደላላም አዲስ ራስ ምታት ሆኗል

በአዲስ አበባ የቤት ኪራይ ገበያ ርክክብ ሲባል ትርጉሙ ለረጅም ጊዜ ግልጽ ነበር። ተከራዩ የውኃና የመብራት ዕዳውን ይዘጋል፣ ቤቱ ይታያል፣ ቁልፉ ተቆጥሮ ይመለሳል፣ በማስያዣነት የተያዘ ገንዘብ ካለም ይሰጠዋል። ጥርጣሬ ያደረበት አከራይ ቢበዛ የበሩን ሲሊንደር ለውጦ እፎይ ይላል። በጣት አሻራ፣ በኮድና በስልክ የሚከፈቱ በሮች በአፓርታማዎች፣ በእንግዳ ማረፊያዎችና በቢሮዎች እየተለመዱ ሲመጡ ግን ይህ አሠራር ጎዶሎ ሆኗል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ተከራዩ ስማርት ቁልፉንም ሆነ ካሜራውን ሲያስገጥም የሚያስመዘግበው በራሱ ስልክ ቁጥር ወይም ኢሜይል ነው። ቤቱን ለቆ ሲሄድ ዕቃው በሩና ግድግዳው ላይ ይቀራል፤ የሚያዝበት አካውንት ግን በኪሱ ባለው ስልክ አብሮት ይሄዳል። ከኢንተርኔት ጋር የተገናኘ ቁልፍ ከሆነ የቀድሞው ተከራይ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ አገር ሆኖ በሩን መክፈት፣ አዲስ ኮድ መስጠትና ማን መቼ እንደገባ ማየት ይችላል። ይህን ለማድረግ ባያስብ እንኳ ቤቱ የሚከራየው በዚህ ዕድል ላይ ተቀምጦ ነው።

ጠፋ የተባለው ካሜራ ሲነቃ

ብዙዎችን የሚያሳስተው የካሜራው ነገር ነው። ተከራዩ ኢንተርኔቱን ይዞ ሲወጣ ካሜራው ከመስመር ስለሚወጣ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላል። ይሁንና ኤሌክትሪክ እስካገኘ ድረስ በውስጡ ባለው ሚሞሪ ካርድ ላይ መቅረጹን ሊቀጥል ይችላል። የኢንተርኔት መስመሩ በአከራዩ ስም ሆኖ ራውተሩ እዚያው ከቀረ ነገሩ ይብሳል። የዋይፋዩ ስምና የይለፍ ቃል እስካልተቀየረ ድረስ ካሜራው የሚያውቀውን መስመር እንዳገኘ ራሱ ይገናኛል፤ የአዲሱን ተከራይ ሳሎንም ለቀድሞው ተከራይ ስልክ ያሳያል። የራሱ ሲም ካርድ ያለው ካሜራ ደግሞ የቤቱን ዋይፋይ ጭራሹንም አይፈልግም።

መብራት ስለጠፋ ቁልፉም ይቆማል ብሎ መተማመንም አያዋጣም። አብዛኞቹ ስማርት ቁልፎች የሚሠሩት በባትሪ ነው። በውስጣቸው የተመዘገበው የጣት አሻራ፣ ካርድና ኮድ ያለ ኢንተርኔትም በሩን ይከፍታል። ለሠራተኛ፣ ለዘመድ ወይም ለጥበቃ የተሰጠ ኮድ ካልተሰረዘ ተከራዩ ከወጣ በኋላም ያገለግላል። በመያዣው ሥር ወይም ጎን ተሸፍኖ ያለ የብረት ቁልፍ መግቢያ ያላቸውም ብዙ በመሆናቸው ያ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ መጠየቅ ይገባል።

ሪሴት ማድረግ ሁልጊዜ አይበቃም

የተለመደው መፍትሔ መሣሪያውን ወደ ፋብሪካ ይዞታው መመለስ ወይም ሪሴት ማድረግ ነው። በብዙ ስማርት ቁልፎች ላይ የሪሴት ቁልፉ የሚገኘው በባትሪው መክደኛ አካባቢ ሲሆን፣ ለጥቂት ሰከንዶች ተጭኖ ሲያዝ አሻራውም ኮዱም ይሰረዛል። እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች አሉ። አንደኛው፣ ሥራው በሩ ክፍት ሆኖ መከናወን አለበት፤ አለዚያ ባለቤቱ ደጅ ሊቀር ይችላል። ሁለተኛው፣ ከሪሴት በኋላ ብዙ ቁልፎች 123456ን በመሰለ ሁሉም በሚያውቀው ኮድ ስለሚከፈቱ ኮዱ ወዲያው መቀየር አለበት።

ካሜራ ላይ ግን ሪሴት ብቻውን የማይሠራበት አጋጣሚ አለ። አንዳንድ ፋብሪካዎች የተሰረቀ ካሜራ እንዳይሸጥ ሲሉ መሣሪያውን ከመጀመሪያው ባለቤት አካውንት ጋር ያስሩታል። ባለቤቱ ከራሱ ስልክ ላይ ካላስወገደው አዲስ ሰው ሊያስመዘግበው ቢሞክር መሣሪያው የሌላ ሰው ነው የሚል መልስ ያገኛል። ተከራዩ በሰላም ከወጣ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃል። ተጣልቶ ከወጣ ወይም ከአገር ከሄደና ከጠፋ ግን በውድ የተገዛው ካሜራ ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ፕላስቲክ ሆኖ ይቀራል።

ዕቃው የማን ነው?

ሌላው አከራካሪ ጉዳይ ባለቤትነት ነው። ውሉ ዝም ካለ ተከራዩ በገንዘቤ የገዛሁት ነው ይላል፤ አከራዩ በሬን በስተህ የገጠምከው ነው ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። ስማርት ቁልፍ ሲገጠም በሩ ከነባሩ ቁልፍ በሰፋ ልክ ሊቆረጥ ስለሚችል፣ ሲነቀል የቀድሞው ቁልፍ ቀዳዳውን ላይሸፍነው ይችላል። ያን ጊዜ ወጪው የቁልፍ መሆኑ ቀርቶ የበር ይሆናል።

ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ የተቀረጸውን ማየትም ለአከራይ መብት ተደርጎ መወሰድ የለበትም። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የግል ሕይወትና የመኖሪያ ቤት ክብር እንዲጠበቅ ይደነግጋል። ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በወንጀልነት ፈርጆታል፤ የግል ዳታን የሚመለከት ራሱን የቻለ አዋጅም ቁጥር 1321/2016 ሆኖ ወጥቷል። ስለዚህ ካርዱን ሳይከፍቱ ለባለቤቱ መመለስና በሰነድ ማስፈረም ይመረጣል። በአካውንቱ ተመልሶ በሩን የሚከፍት የቀድሞ ተከራይም ዕቃው የእኔ ነው በማለት ብቻ ከተጠያቂነት አያመልጥም።

ሳይቃጠል በቅጠል

በመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 መሠረት የመኖሪያ ቤት ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፤ ዘመኑም ከሁለት ዓመት አያንስም። ውሉ መጻፉ ካልቀረ ሦስት መስመር መጨመር አያከብድም፦ ተከራዩ ያለ አከራዩ የጽሑፍ ስምምነት ቁልፍ እንዳይቀይር፣ የገጠመውን ሲለቅ ነቅሎ በሩን እንዲያድስ ወይም ከነአካውንቱ እንዲያስረክብ፣ ካሜራ ያለበት ቦታ ሁሉ በዕቃ ዝርዝሩ ላይ እንዲሰፍር።

ወሳኙ ግን ሰዓቱ ነው። አካውንቱ መሰረዝ ያለበት ተከራዩ ስልኩን ይዞ በሩ ላይ ቆሞ ሳለ፣ የሚመለስለት ገንዘብም ገና ሳይከፈል ነው። መሣሪያው ከስልኩ ሲወጣ በዓይን ይታያል፣ ቁልፉና ካሜራው ሪሴት ይደረጋሉ፣ የዋይፋዩ የይለፍ ቃል ይቀየራል፣ ከዚያ ይፈረማል። ቤቱን በውክልና ለዘመድ ትቶ ውጭ አገር የሚኖር ባለቤትም ወኪሉን ቁልፉን ተቀበልክ ወይ ብሎ ብቻ ሳይሆን አካውንቱ ተሰረዘ ወይ ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል።

ደላላውም ከነገሩ ውጭ አይደለም። ኮሚሽኑን የሚቀበለው ተከራዩ በገባበት ዕለት ነው፤ አዲሱ ተከራይ በሩ በማያውቀው ሰው ተከፍቶ ቢያገኘው ግን መጀመሪያ የሚደውለው ለእሱ ነው።