ስለ ኑግ አዘራርና አያያዝ

ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ሸቤ የቡና አገር ናት። ይሁን እንጂ በቡና የሚነግድ ሰው ኑግንም ገዝቶ በመጋዘኑ ለማኖር ቢያስብ፣ ትርፉን የሚወስነው የገበያው ዋጋ ብቻ አይደለም። የተክሉን ጠባይ አስቀድሞ የተረዳ ነጋዴ ይጠቀማል፤ ያልተረዳ ግን ያስገባው ጭነት ዋጋው ሲወርድበት ምክንያቱ አይገባውም።

ኑግ ከአደይ አበባና ከሱፍ ጋር የአንድ ወገን ተክል ነው። መነሻው የኢትዮጵያ ደጋና ወይናደጋ ሲሆን፣ የዕፀዋት ሊቃውንትም «ጊዞቲያ አቢሲኒካ» ብለው በአገሩ ስም ጠርተውታል። ከኢትዮጵያ ሌላ በብዛት የሚዘራበት አገር ህንድ ነው።

ኑግ በክረምት መግቢያ፣ በሰኔና በሐምሌ ይዘራል። ፍሬው ደቃቅ በመሆኑ 1,000 ፍሬ ቢመዘን ከ5 ግራም እምብዛም አያልፍም፤ ስለዚህ ለ1 ሄክታር መሬት ከ5 እስከ 10 ኪሎ ዘር ይበቃል። ውሃ የሚቋጥረውን ዋልካ መሬት እንኳ ይችላል። ከብት ቅጠሉን ስለማይወድ ገበሬው ሌላውን እህል ከከብት ለመጠበቅ በማሳው ዳር ይዘራዋል። ምርቱ ግን አነስተኛ ነው። ይህንኑ ለማሻሻል በሆለታ የምርምር ማዕከል ፎገራ፣ ኩዩና ሻምቡ የተባሉ ዝርያዎች ወጥተዋል።

ኑግ የራሱን የአበባ ዱቄት ተቀብሎ ፍሬ አይዝም፤ ዱቄቱ ከሌላ እግር መምጣት አለበት፤ ይህንንም የሚያመላልሰው በተለይ ንብ ነው። ከዚህም የተነሣ በአበባው ወራት በማሳው ላይ የተባይ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ማሩንም ፍሬውንም በአንድነት ያጣል። የተባይ መድኃኒት የሚሸጥ ባለሱቅም ይህን ለገዢው ሊነግረው ይገባል።

ኑግ የሚደርሰው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው። ይህም የቡና ለቀማ ወቅት ስለሆነ የሰው ጉልበትም፣ ኬሻም፣ የነጋዴው ገንዘብም በአንድ ጊዜ ይፈለጋሉ። ኑጉ ቶሎ ካልታጨደ ግን በማሳው ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ኑግ ለመግዛት ያሰበ ነጋዴ ገንዘቡንና ኬሻውን አስቀድሞ ለይቶ ማዘጋጀት አለበት።

«ከኑግ ጋር የተገኘህ ሰሊጥ አብረህ ተወቀጥ» ይባላል። በንግድ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ ከሌላ ዘር ጋር የተገኘው ኑግ አብሮ ይወድቃል። ከሁሉ የከፋው ሥር የሌለው፣ እንደ ቢጫ ክር በተክሉ ላይ እየተጠመጠመ ምግቡን የሚመጥ ጥገኛ አረም ነው። ወደ አሜሪካ የሚላከው ኑግ ለወፍ ቀለብ ይውላል፤ ሆኖም የዚህ አረም ዘር እንዳይበቅል ሲባል ጭነቱ በ120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሙቀት ለ15 ደቂቃ እንዲታከም የአገሩ ሕግ ያዛል። የአረሙ ፍሬ ከኑግ ያነሰና ክብ በመሆኑ በወንፊት አብዛኛውን መለየት ይቻላል። ሆኖም ከሁሉ የሚሻለው አረሙን ገና በማሳው ሳለ፣ ዘር ከመያዙ በፊት ነቅሎ ማቃጠል ነው።

በ100 ኪሎ የኑግ ፍሬ ውስጥ በአብዛኛው ከ30 እስከ 45 ኪሎ ዘይት ይገኛል። በአነስተኛ መጭመቂያ ይህ ሁሉ ስለማይወጣ፣ የቀረው ከፋጉሎው ጋር ሆኖ ለከብት መኖነት ይሸጣል። ዘይቱ ለጾም ወጥ ተፈላጊ ቢሆንም ጠባዩ ቶሎ የሚበላሽ ነው፤ ብርሃንና ሙቀት ካገኘው ይሻግታል። ስለሆነም ባለሱቁ በጥላ ሊያኖረው፣ አስቀድሞ የገባውንም አስቀድሞ ሊሸጠው ይገባል። ፍሬውም ሳይደርቅ በኬሻ ቢታሰር ግሎ ይሻግታል።

በመጨረሻም ቡና የሌላውን ነገር ሽታ ፈጥኖ ይቀበላል። ኑግ የነበረበት ኬሻ ዘይት ስለሚጠጣ ለቡና አይሆንም። እንግዲህ ሁለቱን በአንድ መጋዘን የሚያኖር ነጋዴ ኬሻቸውንና ሥፍራቸውን ቢለይ የሁለቱንም ዋጋ ይጠብቃል፤ ቢያደባልቅ ግን በኑጉ ያገኘውን ትርፍ በቡናው ይከፍለዋል።